የቤት ቪፒኤን አልሠራ ሲል፦ ፓኬቱ የት ቀረ?

የቤት ቪፒኤን (ከውጭ ሆነው ወደ ቤት ኔትወርክ የሚገቡበት የተመሰጠረ መስመር) እምቢ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ወደ ፋየርዎሉ ነው። ያጠፋዋል፣ ይሞክራል፤ አሁንም ካልሠራ ራውተሩን መነካካት ይጀምራል። ጥቂት ቆይቶ ዋናው ችግር ሳይፈታ ራሱ የፈጠራቸው ይጨመሩበታል። እዚህ የማነሣው ከቤት ራውተር ጀርባ ባለ ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ የተጫነና ከውጭ በስልክ የሚገናኙትን ዋየርጋርድ የተባለ የቪፒኤን ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ ሌላ የሊኑክስ ኮምፒውተር ቢሆንም አካሄዱ አይለወጥም።

ከመጀመርዎ በፊት የስልኩን ዋይፋይ አጥፍተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ። ብዙ ራውተሮች ከቤት ተነሥቶ በውጭው አድራሻ ዞሮ የሚመለስን ግንኙነት አያስተናግዱም፤ ደህናውን ሰርቨር የሞተ ያስመስሉታል። ዋየርጋርድ ደግሞ በባሕርዩ ዝምተኛ ነው፤ የማያውቀውን ቁልፍ ይዞ ለመጣ ምንም መልስ አይሰጥም። ስለዚህ የፖርት (ግንኙነት የሚገባበት ባለ ቁጥር በር) መፈተሻ ድረ ገጽ «ዝግ ነው» ቢልዎት አይመኑት። የሚታመነው ሰርቨሩ ላይ «ደብልዩጂ ሾው» (wg show) የተባለው ትእዛዝ የሚያወጣው ነው፦ የመጨረሻው ሃንድሼክ (የስልኩና የሰርቨሩ መተዋወቂያ ልውውጥ) ጊዜ፣ የተላከውና የተቀበለው ዳታ መጠን።

ምልክት፦ ስልኩ በርቷል ይላል፣ ሃንድሼክ ግን የለም

ከሁሉ የሚበዛው፣ ከሁሉም የሚያደክመው ይህ ነው። ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕን (የሚመጣና የሚሄድ ዳታን የሚያሳይ መሣሪያ) ከፍተው ዋየርጋርድ በተለምዶ የሚጠቀምበትን የዩዲፒ ፖርት 51820ን እየተመለከቱ ከስልኩ ይገናኙ።

ምንም ካልታየ ፓኬቱ (ስልኩ የላከው የዳታ ቁራጭ) ቤትዎ አልደረሰም፤ የሰርቨሩን ፋየርዎል ለጊዜው ይተዉት። ወደ ራውተሩ ገብተው የውጭ አይፒ አድራሻውን ይመልከቱና «አይፒዬ ማን ነው» የሚል ድረ ገጽ ከሚነግርዎት ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ከተለያዩ ከፊትዎ አድራሻ የሚቀይር ሌላ መሣሪያ («ናት» ወይም NAT የሚባለው) አለ። ራውተሩ ላይ ያዩት አድራሻ በ192.168 ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ያለው የአቅራቢው ሞደም ራሱ ራውተር ሆኖ ነው፤ ሞደሙን ብሪጅ (ዳታውን እንዳለ የሚያሳልፍ ብቻ) ያድርጉት ወይም ፖርቱን በሁለቱም ላይ ያስተላልፉ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን አቅራቢዎ አንድ አድራሻን ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ይህ የአድራሻ ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የተመደበ ነው። በዚህ ጊዜ ራውተሩ ላይ የሚከፍቱት ፖርት ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ያለው አማራጭ ከአቅራቢው የራስዎን አድራሻ መጠየቅ፣ አለዚያም ውጭ ትንሽ ሰርቨር ተከራይቶ ፓዩ ራሱ ወደዚያ እንዲደውል ማድረግ ነው። መስመሩ እንዳይዘጋበት ኪፕአላይቩን (በየጊዜው የሚላከውን ባዶ ፓኬት) 25 ሰከንድ ያድርጉት።

አድራሻዎቹ አንድ ከሆኑ ወደ ፖርት ፎርዋርዲንጉ (ራውተሩ ፖርቱን ወደ ሰርቨሩ የሚያስተላልፍበት ደንብ) ይመለሱ። የተከፈተው ሌላው የዳታ መላኪያ ዘዴ፣ ቲሲፒ፣ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዋየርጋርድ የሚያውቀው ዩዲፒን ብቻ ነው።

ፓኬቱ ከታየስ? የስልኩ ጥያቄ 148 ባይት፣ የሰርቨሩ መልስ 92 ባይት ነው። 148ቱ እየደጋገመ መጥቶ 92ቱ ካልወጣ ወይ ፋየርዎሉ ጥሎታል፣ ወይ ቁልፉ አልገጠመም። ልብ ይበሉ፤ ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው ፋየርዎሉ ሳይነካው ነው። ስለዚህ መታየቱ ለማለፉ ማስረጃ አይሆንም። 51820ን ለዩዲፒ ይፍቀዱ፤ ያም ካልረዳ ቁልፎቹን ያመሳክሩ። ሰርቨሩ ላይ መጻፍ ያለበት የስልኩ ይፋዊ ቁልፍ ነው፣ ስልኩ ላይ የሰርቨሩ።

ምልክት፦ ሃንድሼክ አለ፣ ኢንተርኔት የለም

በሩ ተከፍቷል፤ የጠፋው ከሰርቨሩ ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ ነው። የአይፒ ፎርዋርዲንግ (ሰርቨሩ የሌላን ትራፊክ የሚያሳልፍበት ቅንብር) እሴት 1 መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ የማስከሬድ ደንቡን (የስልኩን ትራፊክ በሰርቨሩ አድራሻ ወደ ውጭ የሚያወጣውን) ያንብቡ። ከመመሪያ የተገለበጠ ደንብ የኬብሉን መስመር ስም ይዞ ፓዩ ግን በዋይፋይ ተገናኝቶ ከሆነ ደንቡ ማንንም አይነካም፣ ስሕተትም አያሳይም። ዩኤፍደብልዩ የተባለውን ፋየርዎል የሚጠቀሙ ደግሞ ፖርቱን ቢፈቅዱም በሰርቨሩ በኩል የሚያልፈውን ትራፊክ እንደ ነባር ልማዱ እንደሚጥል ይወቁ፤ ለቪፒኤኑ ማለፊያ ለብቻው ሊፈቀድለት ይገባል።

በ1.1.1.1 ፒንግ አድርገው መልስ ካገኙ፣ በስም ግን ምንም ካልከፈተ ጉዳዩ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ነው።

ምልክት፦ ሁለተኛው ስልክ ሲገባ የመጀመሪያው ጠፋ

የመጀመሪያው ስልክ ፋይል ተገልብጦ ቁልፉ ብቻ ተቀይሯል፤ አድራሻው ግን ያው ነው። ዋየርጋርድ አንድን አድራሻ ለሁለት ፒር (ተገናኝ መሣሪያ) አይሰጥም፤ ከፊተኛው ነጥቆ ለኋለኛው ይሰጣል፣ ያውም አንድ ቃል ሳይናገር። ሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የየራሱን አድራሻ በ/32 (አንድ አድራሻ ብቻ ማለት ነው) ይጻፉ።

ምልክት፦ አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል

ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን) ነው። ወደ 1280 ያውርዱት፤ ከተስተካከለ ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ልኩን ያግኙ።

ምልክት፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቪፒኤኑ አልተመለሰም

እኛ ዘንድ ይህ ተደጋጋሚ ነው፤ መንስኤውም አንድ ብቻ አይደለም። ራውተሩ ሲነሣ ለፓዩ ሌላ የውስጥ አድራሻ ሰጥቶት ይሆናል፤ ያኔ ፖርት ፎርዋርዲንጉ ወደ ባዶ ቤት ይልካል፣ ስለዚህ አድራሻውን ራውተሩ ላይ ቋሚ ያድርጉለት። የውጭው አድራሻም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ተለዋዋጭ ዲኤንኤስ (አድራሻው ሲቀየር ስሙን አብሮ የሚያድስ አገልግሎት) ቢኖርዎትም ዋየርጋርድ ስሙን የሚጠይቀው ሲነሣ አንዴ ብቻ ስለሆነ ስልኩ ላይ ቪፒኤኑን አጥፍተው ያብሩት። በእጅ የገቡ የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ደንቦችና ጊዜያዊ የፎርዋርዲንግ ቅንብር ደግሞ ካልተቀመጡ ከመብራቱ ጋር ይጠፋሉ። ኦፐንቪፒኤን የተባለውን ሌላ የቪፒኤን ፕሮግራም ለሚጠቀሙ አንድ ተጨማሪ፦ እስከ አራተኛው ትውልድ ያለው ፓይ የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም፤ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ወደ ኋላ የቀረ ቀን ይይዛል፣ ሰርተፍኬቱንም (የማንነት ማረጋገጫውን) «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ምልክት፦ በሞባይል ዳታ ይሠራል፣ በሆቴል ዋይፋይ አይሠራም

ሃንድሼክ ከሌለ ሆቴሉ ዩዲፒን ዘግቶ ይሆናል፤ ለዚህ በቲሲፒ 443 የሚሠራ ኦፐንቪፒኤን ተጠባባቂ ይሁን። ሃንድሼክ ኖሮ የቤትዎ ፋይል ማከማቻ ብቻ ከጠፋ፣ የሆቴሉም የቤትዎም ኔትወርክ 192.168.1 ነው፤ ስልኩ ዕቃውን እዚያው ሆቴሉ ውስጥ ይፈልጋል። የቤቱን ወደ 192.168.87 ዓይነት ያልተለመደ ቁጥር ይለውጡት፤ ከዚያ ፖርት ፎርዋርዲንጉንና ቋሚ አድራሻዎቹን ማስተካከል አይርሱ።