የእጅ አንጓ አጥንት አልገጥም ካለ፣ የሚተከለው ከየት ይምጣ?

ደብረ ብርሃን ውርጭ አዳልጧችሁም ይሁን አንኮበር ቁልቁለት ላይ በቅሎ ጥላችሁ፣ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ወድቃችሁ ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ስትነካ ካመመቻችሁ «ወለምታ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ስካፎይድ የምትባለው ትንሽ የአንጓ አጥንት ተሰብራ ይሆናል። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ትችላለች፤ ስለዚህ በጀሶ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ራጁ ይደገማል። ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት ይቅርባችሁ።

ችግሩ ደም ነው። ደሙ በአብዛኛው የሚገባው በጣት በኩል ስለሆነ በክንድ በኩል ያለው ጫፍ የሚያገኘው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚመጣውን ብቻ ነው። ስትሰበር ያ ጫፍ ደም ሊያጣና ሳይገጥም ሊቀር፣ ሊሞትም ይችላል። አጥንት መትከል የሚመጣው ያኔ ነው።

ቅርጿ ካልተበላሸና ደም ካላት፣ ከዚያው ክንድ፣ በአውራ ጣት በኩል ካለው የክንድ አጥንት (ራዲየስ) ጫፍ፣ ለስላሳውን የውስጥ አጥንት ወስዶ መሙላት ይበቃል። ሌላ ቦታ አይቆረጥም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ስለዚህ ነው የምጠይቀው። ተጣጥፋ ከጎበጠች ግን ለስላሳው አያቆማትም፤ ከዳሌ ጠርዝ ጠንካራ አጥንት እንደ ሽብልቅ ተቆርጦ ይገባል። ዳሌው ለሳምንታት ሊያም ይችላል፣ አንዳንዱን ሰው ከአንጓው ይብስበታል፣ ስለዚህ ሽቅብና ቁልቁል የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ አስቡበት።

ጫፏ ደም አጥታ ከሆነ አጥንቱ ከነደም ሥሩ ይወሰዳል፦ ወይ ከራዲየስ ጀርባ፣ ወይ ከጉልበት በላይ ካለው የጭን አጥንት ውስጠኛ ጎን። የጉልበቱ በማይክሮስኮፕ ደም ሥር መስፋት ስለሚጠይቅ ረጅም ሥራ ነው፣ የትም አይሠራም። ሪፈር ተጽፎላችሁ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ መውረድ ሊመጣ ይችላል።

የቱም ይሁን፣ በብሎን ወይም በሽቦ ይያዛል። መገጣጠሚያው ራሱ ተበልቶ ከሆነ ግን መትከሉ ብዙም አይረባም፤ ያኔ ወሬው ስለ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው።

ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጫፉ ደም አለው? ጎብጧል? መገጣጠሚያው ተበልቷል? ለመጉበጡ ሲቲ ስካን፣ ለደሙ ኤምአርአይ ይረዳል። ሲጋራ የምታጨሱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አቁሙ፣ አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋል። ጀሶው ወልቆ ሕመሙ ቢጠፋም ገጥሟል ማለት አይደለም፤ መግጠሙ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ሳይረጋገጥ እርፍ መያዝ፣ እንጨት መፍለጥ የለም።