ለፓርኪንሰን የእንጉዳይ ማይክሮዶዝ ላኩልን ከማለታችን በፊት ምን እናድርግ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ለምታስታምሙ። ሰሞኑን ማይክሮዶዚንግ ሚባለው ወሬ እኛም ጋ ደርሷል፣ ያው ውጭ ያለ የአክስት ልጅ ቪዲዮ ይልካል፣ ትንሽዬ የእንጉዳይ ዱቄት በየሁለት በየሶስት ቀኑ ሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡ ቀነሰልኝ ሲል ይታያል፣ ከዛ ቤተሰቡ በሙሉ ለአባባ ለምን አይሞከርላቸውም ይላል። እኔም አባቴን ስለማስታምም ጥያቄው ደጋግሞ ደርሶኛል። መልሴን ከፊት ላስቀድም፣ ካፕሱሉን አታስልኩ፣ ለቅማችሁም አትስጡ፣ ግን የላከውንም ሰው አትቆጡት ምክንያቱም ያነሳው ነገር ውስጥ እውነት አለ፣ እውነቱ ግን ቪዲዮው ላይ ያለው አይደለም።

መጀመሪያ ጥናቱ ምን እንዳለ እወቁ፣ ክርክር ሲነሳ ምትሉት እንዲኖራችሁ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆቹ 2025 ያወጣው ጥናት አለ። እንጉዳዩ ውስጥ ያለውን ሲሎሳይቢን ሚባል ንጥረ ነገር ፓርኪንሰን ላይ ድብርት ወይ ጭንቀት ለተደረበባቸው 12 ሰዎች ሰጧቸው፣ መጀመሪያ 10 ሚሊግራም፣ ቆይቶ 25 ሚሊግራም። ስሜታቸው በደንብ ተሻሻለ፣ ከወራት በኋላም መሻሻሉ አልጠፋም፣ እንቅስቃሴያቸውም ላይ ለውጥ ታየ፣ ከባድ ጉዳትም አልደረሰባቸውም። ጥሩ ዜና ነው፣ እኔም ሳነበው ደስ ብሎኛል። ግን ልብ በሉ፣ 25 ሚሊግራም ማይክሮዶዝ አይደለም፣ ለሰዓታት አይን የሚያየውንና ጆሮ የሚሰማውን የሚቀይር ሙሉ መጠን ነው፣ የተሰጠውም ሐኪም ባለበት፣ የሰለጠነ ባለሙያ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ፣ ከዛ በፊትና በኋላም እያነጋገራቸው ነው። ማይክሮዶዝ ማለት ደሞ የሙሉው መጠን አስረኛ ወይ ሃያኛ ነው፣ ሰው ሳይሰክር ስራውን እየሰራ ሚወስደው። ስለዚ በትልቁ መጠን የታየውን ውጤት ለትንሹ መስጠት አይቻልም።

ሌላው ደሞ ጥናቱ ላይ ባዶ ክኒን የተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ይሄ ለፓርኪንሰን በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን መሰላችሁ፣ በ2001 ቫንኩቨር ላይ የተሰራ የአእምሮ ምስል ጥናት ባዶ መርፌ የተወጉ የፓርኪንሰን ሕሙማን መድኃኒት የተሰጣቸው መስሏቸው ከራሳቸው አእምሮ ዶፓሚን ሚባለውን እንቅስቃሴን ሚያስተካክል ንጥረ ነገር ሲለቁ አሳይቷል። ያ ዶፓሚን እኮ በሽታው ያጎደለው ራሱ ነው! ይሻለኛል ብሎ ማመን ብቻውን እጅን ለጊዜው ሊያረጋጋ ይችላል ማለት ነው፣ ስለዚ ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ አይዋሽም፣ ግን የረዳው እንጉዳዩ ይሁን ተስፋው ከቪዲዮ ላይ ማንም ሊለይ አይችልም። ማይክሮዶዝን በቀጥታ ያየ ሌላ ጥናት አለ፣ የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በ2021 ያወጣው፣ 191 ሰው የተሳተፈበት፣ ማይክሮዶዝ የወሰዱትም ባዶ ካፕሱል የወሰዱትም ስሜታቸው እኩል ነው የተሻሻለው፣ ያውም ፓርኪንሰን የሌለባቸው ሰዎች ላይ።

አሁን ወደሚያሰጋው ልግባ፣ እዚ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ፓርኪንሰን የቆየበት ሰው ሌላው ማያየውን ማየት ሊጀምር ይችላል፣ ጥግ ላይ የቆመ ልጅ፣ መጋረጃው ስር ድመት፣ ማታ ማታ ቤቱን ሚሞሉ ሰዎች። እኛ ሀገር ይሄ ሲመጣ ጂን ነው ዛር ነው ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከራሱ ከበሽታው ወይ ከመድኃኒቱ ነው ሚመጣው፣ በተለይ አርቴን ሚባለው ለመንቀጥቀጥ ሚሰጠው ክኒን በእድሜ የገፋን ሰው ግራ ያጋባል። ለዚህ ቅዠት አሜሪካ በ2016 የፈቀደችው ፒማቫንሰሪን ሚባል መድኃኒት ሚሰራው አእምሮ ላይ ያለች አንዲት የሴሮቶኒን ተቀባይን በማብረድ ነው፣ ሴሮቶኒን ማለት አእምሮ ውስጥ መልእክት ሚያስተላልፍ ንጥረ ነገር ነው፣ ተቀባይ ደሞ መልእክቱ ሚያርፍባት ቦታ። ሲሎሳይቢን ደሞ ሚቀሰቅሰው ያችኑ ተቀባይ ነው። ሐኪም ሚያበርደውን እኛ ቤት ቁጭ ብለን ልናቀጣጥል ነው ማለት ነው።

ልብም አለ። ፐርጎላይድ ሚባል የፓርኪንሰን መድኃኒት ነበር፣ በ2007 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ፣ ምክንያቱ የልብ ቫልቭ ማበላሸቱ ነው፣ ይሄም በሌላ የሴሮቶኒን ተቀባይ በኩል የመጣ ጉዳት ነው፣ የእንጉዳዩ ንጥረ ነገር ደሞ እዛችም ተቀባይ ላይ ይቀመጣል። አንዴ ሁለቴ መውሰድና ለወራት ለዓመታት በየሶስት ቀኑ መውሰድ ለዚህ ነው ማይገናኘው፣ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም ሚለው አባባል ልብ ላይ ገና አልተረጋገጠም። ከዛ በላይ ሰውዬው ሰሌጂሊን ሚባለውን የፓርኪንሰን ክኒን ወይ የድብርት መድኃኒት ሚወስድ ከሆነ ሁሉም ሴሮቶኒንን ስለሚነኩ መደራረቡ ራሱ አደጋ ነው።

ሕጉንም አትርሱ። ሲሎሳይቢን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በጣም ጥብቅ ቁጥጥር ካለባቸው ውስጥ ነው፣ እኛም ሀገር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማስገባቱንም መጠቀሙንም ይቀጣል። ኦሪገንና ኮሎራዶ ፈቅደዋል ሲሏችሁ እነሱ በሕዝብ ድምፅ የፈቀዱት ለራሳቸው ግዛት ነው፣ ቦሌ ላይ ሻንጣው ተፈትሾ ሚያዘው ግን ያች አደራ ተቀብላ የመጣች ምስኪን ዘመዳችሁ ናት።

ካፕሱል ያጣ ሰው ደሞ ክረምት ላይ ጦሳ ስር ወጥቶ የጅብ ጥላ እንዳይለቅም፣ ወላሂ ከሁሉም በላይ ሚያስፈራኝ እሱ ነው። ገዳዮቹ እንጉዳዮች ውስጥ ያለው አማቶክሲን ሚባለው መርዝ ቢቀቀልም ቢጠበስም አይጠፋም፣ ከተበላ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ድረስ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፣ ከዛ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል፣ ከዛ ደሞ ሻል ያለ ይመስላል፣ በዛው ሰዓት ግን ጉበት እየሞተ ነው። በፎቶ አመሳስሎ መልቀም ሚባል ነገር የለም። ለምግብ ተብሎ ሚሸጠው ኦይስተር እንጉዳይ ሌላ ነው፣ ሲሎሳይቢንም የለውም፣ እሱን በወጥ ብሉት።

ለዘመዱ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? እኔ እንዲህ ብዬ ነው ምጽፈው፣ "ወንድሜ ስለ አባባ ስላሰብክ አላህ ይስጥልን፣ ጥናቱን አይተነዋል፣ በትልቅ መጠን በሐኪም ፊት የተሰጠ ነው፣ አባባ ደሞ አንዳንዴ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ስለዚ አንሞክረውም። መርዳት ከፈለግክ ሶሉ ማያንሸራትት ጫማና ሰዓት ሲደርስ ሚጮህ የክኒን ሳጥን ላክልን።" ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ጉም ሲወርድ ድንጋዩ ይሟልጫል፣ ጫማው እውነት ያስፈልጋል።

ከጥናቱ እኛ ዛሬ ልንጠቀምበት ምንችለው ይሄ ነው፣ ሰዎቹ ላይ ጎልቶ የተሻሻለው ስሜታቸው ነበር። ድብርት የፓርኪንሰን አንዱ ክፍል ነው፣ ከዶፓሚን መጉደል ጋር አብሮ ሚመጣ ሕመም ነው እንጂ እርጅና አይደለም። አባት መስጂድ መሄድ ከተዉ፣ እናት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛውን ሳትጠብቅ ተነስታ ከተኛች፣ ደሴ ሪፈራልም ሆነ ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ስለ እጁ ብቻ አትንገሩ፣ ይሄንንም ንገሩ። ለድብርቱ እዚሁ ሚታዘዝ መድኃኒት አለ፣ ሐኪሙ ካልተነገረው ግን አያዝም፣ አባቶቻችን ደሞ ራሳቸው ከፍቶኛል አይሉም።

ከዛ ያለውን ክኒን በደንብ እንዲሰራ አድርጉት። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበት ክኒን፣ ዋናው የፓርኪንሰን መድኃኒት ማለት ነው፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው ሚሻለው፣ ምክንያቱም ፕሮቲን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ መንገድ ስለሚያልፍ ይጋፋዋል። ሥጋና ወተት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ነው። ብዙ ቤት መድኃኒቱ አልሰራም ሚባለው ክኒኑ ከሽሮው ጋር እየተዋጠ ነው። ሆድ ሚረብሽ ከሆነ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል፣ የደም ማነስ የአይረን ክኒን ካለ አራርቁት። ተፈጥሯዊ ነገር ይሻላል ለሚል ሰው ደሞ ባቄላችን ውስጥ ራሱ ሌቮዶፓ አለ፣ ጉግንሃይም ሚባለው ኬሚስት በ1913 ንጥረ ነገሩን ያወጣው ከባቄላ ነው። እሸት ሲደርስ አባባ ይብሉ፣ ግን መጠኑ ከእሸት እሸት ስለሚለያይ ክኒኑን አይተካም፣ እሸት በበሉ ቀን ሰውነታቸው ያለፈቃዳቸው ከተወዛወዘ ጻፉት።

ምን ላይ? ተራ ደብተር ላይ። ክኒን የተዋጠበት ሰዓት፣ ሰውነት የተፈታበት ሰዓት፣ መልሶ የያዘበት ሰዓት። የአባቴን የሸሚዝ ቁልፍ ነው ምጠቀመው፣ መድኃኒቱ ሲሰራ ከላይ እስከታች ራሱ ይቆልፈዋል፣ ሲያልቅ ሁለተኛዋ ቀዳዳ ላይ ጣቱ ይቆማል፣ ያኔ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ሐኪሙ መጠን ሚያስተካክለው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ነው። በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው ሚጣበቅ ከሆነ ወለሉ ላይ ቀለሙ ሚታይ ፕላስተር ለጥፉና ተሻገሩት በሏቸው፣ ወይ በመንዙማ ምት አጨብጭቡላቸው፣ ምት ሲያገኝ እግር ይነሳል። በየቀኑ መራመድን ሚያክል ደሞ የለም።

ረመዳን ላይም ፆም ላይም ክኒን በድንገት እንዳይቋረጥ አደራ፣ ድንገት ሲቆም ከባድ ትኩሳትና የሰውነት መገተር አምጥቶ ሊገድል ይችላል። ሸሁንም የንስሐ አባቱንም አነጋግሩ፣ ለታመመ ሰው በሁለቱም በኩል ፈቃድ አለ። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ክኒኑም አብሮ ይቀጥል። ጫት ሚቅም ከሆነ ለሐኪሙ አትደብቁ።

ሳታውቁ ካፕሱሉን ወስደው ከሆነስ? አብሽሩ፣ አትጩሁባቸው፣ ጫጫታ ከሌለበት ክፍል አስቀምጧቸው፣ ብቻቸውን እንዳይነሱ፣ ሚያዩትን ነገር የለም ብላችሁ አትከራከሩ። ትኩሳት፣ መንዘፍዘፍ፣ ራስ መሳት፣ ደረት ላይ ሕመም ወይ ከባድ መረበሽ ካለ ቀጥታ ድንገተኛ፣ የእንጉዳይ ትውከት ከሆነ ደሞ ሻል ቢላቸውም ሂዱ፣ የቀረውን ካፕሱል ወይ እንጉዳይ ይዛችሁ፣ ምን እንደወሰዱም እውነቱን ተናገሩ። አንድ ነገር ግን ከበር ጀምራችሁ በሉ፣ ድንገተኛ ክፍል ለተረበሸ ሰው ሃሎፔሪዶል፣ ለትውከት ደሞ ፕላሲል ይሰጣል፣ ሁለቱም ዶፓሚንን ስለሚዘጉ ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው ሰውነቱን ይገትሩታል። ወረቀት ላይ "ፓርኪንሰን አለበት፣ ሃሎፔሪዶልና ፕላሲል እንዳይሰጠው" ብላችሁ ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስም ጋር ጻፉና ከመታወቂያው ጋር ኪሱ ውስጥ አስቀምጡለት፣ ዛሬ ማታ።