ደንገል፣ ሚዛንና "በምን አወቅን?"

ባሕር ዳር ተቀምጦ መንሳፈፍን ለማስረዳት ሰሌዳ ላይ መርከብ መሳል ትንሽ ያሳፍራል። ከደንገል፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ሸምበቆ መሳይ ተክል፣ የሚሠራው ታንኳ እዚሁ ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍሎችን ይዤ ጣና ዳር የምወርደው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ታንኳ ሠሪ ፈልጋችሁ ቀጠሮ ያዙ። ብዙዎቹ ከወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው፤ ሙስሊሞች ስለሆኑ የዓርብን ቀትር ተዉት። ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል። ሥራ ስለምታስፈቷቸው ደግሞ የድካማቸውን ክፈሉ። "ባህላችንን ያሳዩልን" እያሉ በነጻ ማድከም ነውር ነው። ልጆቹ ውኃ ውስጥ አይግቡ። ጣና ቢልሃርዚያ አለበት፤ ዓባይ መውጫው አካባቢ ጉማሬም አይጠፋም።

ከዚያ የደረቀ ደንገል ለምኑ። ስንዝር ስንዝር ቆርጣችሁ በአንድ ላይ እሰሩትና መዝኑ። ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያዙ፤ የሽንኩርት ሚዛን እዚህ አይረባም። እስሩን ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ክተቱና ድንጋይ ጫኑበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት ግራም ይጨምራል? እያንዳንዱ ልጅ ግምቱን በእስክርቢቶ ይጻፍ። በእርሳስ ከሆነ ኋላ ያጠፉታል፣ አውቃቸዋለሁ።

ሰዓቱ እስኪሞላ ጥያቄው ወደ ታንኳ ሠሪው ይዙር። አንዱን ደንገል ያነሣሉ፣ በጣታቸው ይጫኑታል፣ ጎንበስ ያደርጉታል፣ "ይኼ ገና ነው" ይላሉ። ልጆቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ማለፍ ይቀናቸዋል። አታሳልፏቸው። "ጋሼ፣ በምን አወቁት?" ብለው ይጠይቁ፤ ተቀብለው እነሱም ይጫኑት። እርጥቡና ደረቁ እጅ ላይ ሲለያይ ፊታቸውን እዩ።

ሚዛኑ ስንት ውኃ እንደገባ ይናገራል። የደንገሉ ውስጥ ስፖንጅ መሳይና አየር የያዘ ነው፤ አየሩን ውኃ ሲተካው መጠኑ ብዙም ሳይጨምር ክብደቱ ይጨምራል፤ መንሳፈፉም ይቀንሳል። ታንኳ ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ለዚህ ነው። ግን የትኛው ደንገል ለታንኳ እንደደረሰ ሚዛኑ አይነግራችሁም። እሱን የሚያውቀው እጅ ነው።

ደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን "በምን አወቅን?" የሚል ዓምድ ይኑር። የሚጻፈው ከአራቱ አንዱ ነው፦ መዘንን፣ በእጃችን ነካን፣ ተነገረን፣ ገና አላወቅንም። መጽሐፉ ላይ ያነበቡት "ተነገረን" ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ክፍሉ ሁሌ ይንጫጫል። አንዷ ተማሪዬ፣ "ቲቸር፣ እርስዎ የነገሩንስ?" አለችኝ። እሱም እዚያው ነው።

"ገና አላወቅንም" የተባሉትን አትመልሱላቸው። አንዱን ምረጡና ለሚቀጥለው ሳምንት አድርጉት። የእኛዎቹ የመረጡት፣ የራሰ ደንገል እንደገና ቢደርቅ ክብደቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ወይ የሚለውን ነበር። ለዚህ ፀሐይና ያው ሚዛን ይበቃል፤ እስሩን የሚያሰጣና በየቀኑ የሚመዝን ተረኛ ብቻ መድቡ።