ከ1,500 ግራም በታች የተወለዱ ልጆች ሳንባ፦ ቤተሰብ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጁ ከማሞቂያ ክፍል ወጥቶ ቤት ሲገባ ሁሉም "እፎይ፣ ተረፈልን!" ይላል። ደስታው ይገባል። ሳንባው ግን ገና አድጎ አላለቀም።

የመጀመሪያው ስህተት ልጁን በጉንጩ መለካት ነው። "ወፍሯል፣ ምን ሆነ?" ተብሎ ቀጠሮ ይዘለላል። አብዛኞቹ የሳንባ የአየር ከረጢቶች የሚፈጠሩት ግን ከተወለደ በኋላ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓመታት። ሳንባው ሳይደርስ የተወለደና ለሳምንታት በኦክስጅን የቆየ ልጅ ይህ እድገት ሊጓደልበት ይችላል። ከ5 ወይም 6 ዓመት ጀምሮ ስፓይሮሜትሪ በሚባል፣ ልጁ በኃይል በሚተነፍስበት መሣሪያ አቅሙን ማስለካት ይቻላል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ጭስ ነው። አራስ ቤት ከሰል ይገባል፣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። መስኮቱ ደግሞ "ብርድ ይመታዋል" ተብሎ ጥርቅም ይደረጋል። ያንን አየር የሚስበው ያ ትንሽ ሳንባ ነው። ቡናው ሌላ ክፍል ወይም ደጅ ይፈላ፣ እጣኑም ይቅር። ልጁ እንዳይበርደው እናቱ ራቁት ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከላይ በነጠላና በብርድ ልብስ ትሸፍነው። አባትም ይህን ማድረግ ይችላል። እንግዳ ቢቀየም ይቀየም፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አይሳመው።

"ትንሽ ይጠንክር" ብሎ ክትባት ማዘግየትም አለ። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባቶች የሚቆጠሩት ከተወለደበት ቀን ነው፣ መወለድ ከነበረበት ቀን አይደለም። የሳንባ ምችና የትክትክ መከላከያ እዚያ ውስጥ ነው።

ሲያስለው "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" አትበሉ። ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ትንፋሹን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከዚያ እስከ 1 ዓመት 50 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው።

ደረቱ ሲር ሲር ባለ ቁጥር አስም ነው ብሎ የጎረቤት ልጅ መድኃኒት መስጠትም ይቅር። የእነዚህ ልጆች የአየር ቧንቧ ከመጀመሪያውም ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ የአስም መድኃኒት ሁሉንም እኩል አይረዳም። ሩጫም አትከልክሉት። ቶሎ ቢደክመው ያርፍና ይቀጥል።

የሆስፒታል መውጫ ወረቀቱን ደግሞ አትጣሉ። የሰው ሳንባ አቅሙ የሚሞላው በ20ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጁ አድጎ ትንፋሽ ቢያጥረው ሐኪሙ በስንት ሳምንቱና በስንት ግራም እንደተወለደ፣ ስንት ቀን ኦክስጅን ላይ እንደቆየ ማወቅ አለበት።