ሠራተኛን ስለ ፓርቲ ሳይሆን ስለ ክፍያ ቀን ጠይቀው

ግንባታ ሳይት የሚውል ጓደኛህ የፖለቲካ አቋሙን ከየት እንዳመጣው ማወቅ ፈልገሃል? "ማንን ትደግፋለህ?" ብለህ እንዳትጀምር። ወይ ዝም ይልሃል፣ ወይ ማታ ቲቪ ላይ የሰማውን ይደግምልሃል።

ክፍያውን ጠይቀው። ማን ይከፍላል? ሲዘገይ ለማን ይነገራል? እኔ ባሬላ በተሸከምኩበት ሳይት ቅዳሜ ከሰዓት ፎርማኑ የስም ዝርዝሩን ይዞ ብሎኬት ላይ ይቀመጣል፣ እኛ እንሰለፋለን። አንድ ቅዳሜ ስድስት ቀን ሠርቼ አምስት ተጽፎልኝ አገኘሁ። የጠፋው ደግሞ ሶሌታ (የፎቁን ወለል) የሞላንበት፣ እስከ ማታ 3 ሰዓት አርማታ ስናቀብል ያመሸንበት ቀን ነው! ማስረጃ የለኝም፣ ዝርዝሩ እሱ እጅ ነው። ለትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 እንደሚባዛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ግን እንኳን ትርፉ ዋናውም ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ምርጫ ሲወራ ቀድሞ የሚመጣብኝ "መዝገቡ ማን እጅ ነው?" የሚለው ነው።

አጠገቤ የተሰለፈው ግንበኛም አንድ ቀን ተበልቶበት ነበር። እሱ ምን አለ? "የአገሬ ልጅ ፎርማን ቢሆን አይበላኝም ነበር።" አንድ ሰልፍ፣ አንድ ፎርማን፣ ሁለት ፖለቲካ። ስለዚህ ምን እንደደረሰበት ሰምተህ አትነሳ፤ ጥፋተኛው ማን ይመስልሃል በለው። ፎርማኑ? ኮንትራክተሩ? መንግሥት? የሌላ ብሔር ሰው? ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው።

ቀጥሎ፣ አቤት ያለው ብቻውን ነው ወይስ ከሌሎች ጋር? ፋብሪካ ውስጥ ማኅበር ያለውና በየወሩ ሳይት የሚቀይር የቀን ሠራተኛ ስለ መንግሥት አንድ ዓይነት አያወሩም። የቀን ሠራተኛው ከማን ጋር ይደራጅ? አብሮት የተሰለፈው በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰፈር ነው። ትልልቅ ሰዎች ካገኘህ 1966ን ጠይቃቸው። የካቲት ላይ የታክሲ ሾፌሮች በቤንዚን ዋጋ ሥራ አቁመው ነበር፣ ወዲያው የሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ አድማ ተከተለ። "እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?" ካልክ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አትነሳም።

ፎርማን ባለበት አትጠይቅ። ስትሰማም አታርም፣ ክርክር ከጀመርክ አለቀ።

"እኔ ፖለቲካ አላውቅም" ካለህም እሺ በለው። የቤት ኪራዩን ጠይቀው።