ከትንንሾቹ መኪኖች መካከል ነዳጅ ቆጣቢውን እንዴት እንለያለን?

«ትንሽ መኪና ናት፣ ነዳጅ አትበላም» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ግን በቃሉ አትግዙ። ያሪስ፣ ሆንዳ ፊት፣ ስዊፍት፣ ሚራዥ፣ ፒካንቶ ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ነዳጅ ላይ ግን አንድ አይደሉም። እንዲያውም አንድ ስም በተለጠፈባቸው ሁለት መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት፣ ጭራሽ የተለያየ ፋብሪካ ከሠራቸው ሁለት መኪኖች ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ቁጥሩን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ መለኪያውን አንድ አድርጉት። አንዱ ጋ «በሊትር 17 ኪሎ ሜትር» ተብሎ ታገኛላችሁ፣ ሌላው ጋ «በ100 ኪሎ ሜትር 5.9 ሊትር»፣ ሌላው ጋ «በጋሎን 40 ማይል»፣ ደግሞ ሌላው ጋ «48 ማይል»። አራቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው! 40 እና 48 የተለያዩት የአሜሪካ ጋሎን 3.79 ሊትር፣ የእንግሊዝ ጋሎን ደግሞ 4.55 ሊትር ስለሚይዝ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ የእንግሊዝን ቁጥር ከአሜሪካ ቁጥር ጋር አስተያይቶ የተሳሳተውን መኪና ይመርጣል።

ሁሉንም ወደ «ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር» ቀይሩት። ቀላል ነው። የአሜሪካ ማይል ከሆነ 235ን በቁጥሩ አካፍሉ፣ የእንግሊዝ ከሆነ 282ን፣ ኪሎ ሜትር በሊትር ከሆነ ደግሞ 100ን። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ለምን ይሄኛውን መለኪያ? «በሊትር ይሄን ያህል ይሄዳል» የሚለው አነጋገር ዓይን ስለሚያታልል ነው። በሊትር 10 ከምትሄድ መኪና 12 ወደምትሄደው ብትቀይሩ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 1.7 ሊትር ገደማ ታተርፋላችሁ። ከ20 ወደ 22 ብትቀይሩ ግን የምታተርፉት ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ጋ «ሁለት ጨመረ» ነው የሚባለው፣ ከኪሳችሁ የሚወጣው ግን ለየቅል ነው። ትንንሽ መኪኖች ላይ ቁጥሮቹ ከፍ ከፍ ስለሚሉ ይሄ ስህተት በጣም ይበዛል።

ቀጥሎ ቁጥሩ ከየትኛው ፈተና እንደመጣ ጠይቁ። ፋብሪካ የሚጽፈው ፍጆታ መንገድ ላይ አይደለም የሚለካው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሮለር ላይ ነው፣ እና ፈተናው በየአገሩ ይለያያል። የአውሮፓው አሮጌ ፈተና፣ ኤንኢዲሲ የሚባለው፣ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅና በጣም ለስላሳ ነበር። ስለዚህ የሚሰጠው ቁጥር ከእውነተኛው መንገድ ብዙ ያነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደብልዩኤልቲፒ በሚባል ተተካ። ይሄኛው 30 ደቂቃ ይፈጃል፣ ፍጥነቱም እስከ 131 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። የጃፓኑ የቀድሞ ፈተና ጄሲ08 ደግሞ ከ82 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያልፍም ነበር። ከጃፓን የመጣች ትንሽ መኪና ወረቀት ላይ የሚያጓጓ ቁጥር ስታዩ ይሄን አስታውሱ። የአሜሪካው ከ2008 ሞዴል ወዲህ ኤሲና ብርድን ጭምር አስገብቶ ስለሚያሰላ፣ እኔ ለማወዳደር የምመርጠው እሱን ነው። ዋናው ነገር ግን የትኛውንም ብትይዙ ሁለቱንም መኪና በአንድ ፈተና ማስተያየታችሁ ነው።

የአሜሪካው ቁጥርም ቢሆን ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሃዩንዳይና ኪያ አሜሪካ ውስጥ የብዙ ሞዴሎቻቸውን ቁጥር አጋንነው እንደጻፉ ታውቆ ቁጥሩን ዝቅ አድርገዋል፣ ለባለቤቶቹም ካሳ ከፍለዋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን መኪና ስታጣሩ የታረመውን ቁጥር ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የመኪናውን ስም ብቻ አትመልከቱ፤ ሞተሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ በተለይ ደግሞ ማርሹን እዩ። የ2015ቱን ሆንዳ ፊት እንውሰድ። 1.5 ሊትር ሞተር አለው። ሲቪቲ ማርሽ (ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ) ያለው መደበኛ ሞዴል በአሜሪካው ፈተና ከተማና ረጅም መንገድ ተደምሮ 36 ማይል ነው፣ ማለትም በ100 ኪሎ ሜትር 6.5 ሊትር። ባለ ማንዋሉ ግን 32 ማይል ነው፣ 7.3 ሊትር ገደማ። የ2014ቷ ሚትሱቢሺ ሚራዥ 1.2 ሊትር ባለ ሦስት ሲሊንደር ስትሆን በሲቪቲ 40 ማይል፣ በማንዋል 37 ማይል ናት።

እስቲ አስሉት። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ባለ ሲቪቲ ፊትንና ባለ ሲቪቲ ሚራዥን የሚለያያቸው ወደ 98 ሊትር ነው። ባለ ሲቪቲ ፊትንና ባለ ማንዋል ፊትን የሚለያያቸው ግን ወደ 122 ሊትር። አያችሁ? «ፊት ልግዛ ወይስ ሚራዥ» እያሉ እንቅልፍ ከማጣት «የቷን ፊት» ብሎ መጠየቁ ይሻላል። «ማንዋል ሁሌም ይቆጥባል» የሚለው የድሮ እምነትም እነዚህ ሁለት መኪኖች ላይ አይሠራም። አሮጌ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች ነዳጅ ይበሉ ስለነበር ነው እምነቱ የመጣው፣ ለጊዜው ልክ ነበር።

ከዚያ የራሳችሁን መንገድ አስቡ። ተደምሮ የሚሰጠው ቁጥር የእናንተ ኑሮ ላይሆን ይችላል። ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው ሃይብሪዷ (በነዳጅም በባትሪም የምትሄደው) ፕሪየስ ሲ ናት፣ ጃፓን ውስጥ አኳ የምትባለው። የ2012ቷ በከተማ 53 ማይል፣ በረጅም መንገድ 46 ናት። ከሌላው መኪና ተገላቢጦሽ፣ ከተማ ውስጥ ትሻላለች፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪ ስለምትመልስ ነው። ሚራዥ በከተማ 37፣ በረጅም መንገድ 44 ናት። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ለሚዞር ሰው በ15,000 ኪሎ ሜትር ሃይብሪዷ ከ280 ሊትር በላይ ታተርፋለች። ረጅም መንገድ ብቻ ለሚነዳ ግን ትርፉ 35 ሊትር ገደማ ነው፣ ለዚያች ብሎ ውድ መኪና መግዛት አያዋጣም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው። ያገለገለ መኪና ከሆነ ግን ራሳችሁ ለኩ። ዳሽቦርዱ የሚያሳየው አማካይ ፍጆታ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትወስኑ። ማደያ ገብታችሁ ሙሉ አስሞሉ። መቅጃው ጠቅ ብሎ ሲያቆም በቃ በሉ፣ «ትንሽ ይጨመር» የሚባል ነገር የለም፣ ልኬቱን የሚያበላሸው እሱ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ትንሿን ዜሮ አድርጉ፣ ወይም የትልቁን ፎቶ አንሱ። እንደወትሯችሁ ንዱ። ከተቻለ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ተመልሳችሁ እንደገና ጠቅ እስኪል አስሞሉ። 512 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ 38 ሊትር ከገባ፣ 38ን ለ512 አካፍሉና በ100 አባዙ፦ 7.4 ሊትር።

አንድ ጊዜ ለክቶ መፍረድ ግን አይሆንም። የትንንሽ መኪኖች ታንከር ትንሽ ስለሆነ አንድ ሊትር ሞልቶ ወይም ጎድሎ ቢገባ ቁጥሩን ያዛባዋል። ሦስት አራት ጊዜ ለክታችሁ ጠቅላላ ሊትሩን በጠቅላላ ኪሎ ሜትሩ አስሉት። ደግሞ ጎማዎቹ የፋብሪካ መጠን መሆናቸውን እዩ። ተለቅ ያለ ጎማ ከተገጠመ ቆጣሪው አሳንሶ ስለሚቆጥር መኪናዋ የባሰች መስላ ትታያችኋለች። እየነዱ መሞከር የሚፈቀድላችሁ ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱን መኪኖች በአንድ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ኤሲውን ሁለቱም ላይ ዘግታችሁ ንዷቸውና ዳሽቦርዳቸው የሚለውን አስተያዩ። ቁጥሩ ልክ ባይሆንም ፍንጭ ይሰጣል።

የለካችሁት ከተጻፈው በጣም ከበለጠ መኪናዋን ወዲያው አትጣሏት። እኔ የገዛኋት አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8.6 ሊትር ስትበላ በጣም ተናድጄ ነበር። ካንዴላ ቀየርኩ፣ የአየር ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። አንድ ቀን ከረጅም መንገድ ስመለስ እጄን ሳላስነካ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ ጠጋ አደረግኩ። ሦስቱ ለብ ብለዋል፣ የኋላው ግራ ግን እንደ ምጣድ ይጋረፋል። ለካ ፍሬኑ ተጣብቆ መኪናዋ ፍሬን ተይዞባት ነበር የምትሄደው። ተፈትቶ ጸድቶ ከተገጠመ በኋላ በሦስት ሙሌት ስለካት 7.1 መጣ። ስለዚህ ያገለገለች መኪና ስትሞክሩ፣ ነድታችሁ እንደቆማችሁ አራቱንም ቸርኬ በዚህ መንገድ ፈትሹ፤ አንዱ ለብቻው ከጋለ መጀመሪያ ፍሬኑን አሠሩ፣ ነዳጁን ከዚያ በኋላ ለኩ።