የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ አመሠራረትና ስም እንዴት ይጣራል?

ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ ስሟን ከግብጿ እስክንድርያ ያገኘች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተሰየመችው ግን በ1749 ስትቆረቆር ከመሬቱ ባለቤቶች መካከል በነበረው በአሌክሳንደር ቤተሰብ ነው። የትናንሽ ከተሞችን ስም በመልኩ የሚፈታ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የሚያዋጣው በዘመኑ የተጻፈውን ሰነድ ማግኘት ነው፤ ሰነዱም አብዛኛውን ጊዜ አለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ በፊት፣ “ከተማዋ የተመሠረተችበት ቀን” የሚባል አንድ ቀን አይፈልጉ። ሦስት ቀኖች አሉ፦ መሬቱ ተሸንሽኖ ፕላኑ የተመዘገበበት፣ ፖስታ ቤቱ የተከፈተበት፣ ከተማዋ የራሷን አስተዳደር እንድታቆም በሕግ የተፈቀደበት። በመካከላቸው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ መግቢያው ላይ የቆመው ሰሌዳ ደግሞ የትኛውን እንደጻፈ አይናገርም። ሦስተኛው ቀን ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የራሷ ከንቲባ የላትም፤ የሚያስተዳድራት ካውንቲው፣ ማለትም ከስቴቱ በታች ያለው የአስተዳደር ክፍል፣ ነው። ስሟ የመጣው ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር በ1840 ካገኘው፣ ሚካ በሚባል አንጸባራቂ ማዕድን ብልጭታ ብር ከሚመስል የውሃ ምንጭ ነው።

ሥራውን ከአገሪቱ የቦታ ስሞች መዝገብ ይጀምሩ። የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤቱ በኢንተርኔት በነፃ ያቀርበዋል፤ ካውንቲውንና መገኛውን ይሰጣል፤ ሌላ መጠሪያ ተመዝግቦ ካለም ያሳያል። የድሮውን መጠሪያ ሳይይዙ ወደ ጋዜጣ አይሂዱ። የኮሎራዶዋ ኦሮራ በ1891 ስትቆረቆር ስሟ ፍሌቸር ነበር፤ ኦሮራ የተባለችው በ1907 ነው። በ1890ዎቹ ጋዜጦች “ኦሮራ” ብሎ የሚፈልግ ሰው የኮሎራዶዋን አያገኛትም።

ቀጥሎ የመሬቱ አድራሻ ይምጣ። ከኦሃዮ ወደ ምዕራብ ያለው አብዛኛው መሬት የተለካው በ1785ቱ ደንብ ነው፦ 6 ማይል በ6 ማይል የሆነ ታውንሺፕ በ36 ሴክሽን ይከፈላል፤ አንዱ ሴክሽን 640 ኤከር ነው። “ሴክሽን 27፣ ታውንሺፕ 8 ሰሜን፣ ሬንጅ 4 ምሥራቅ” የሚል ካዩ፣ ከመነሻው መስመር ወደ ሰሜን ስምንተኛው፣ ከዋናው ሜሪዲያን (ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተሠመረው የቅየሳ መስመር) ወደ ምሥራቅ አራተኛው በሆነው ታውንሺፕ ውስጥ ያለው 27ኛው ሴክሽን ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ 13 ግዛቶች፣ በኬንታኪ፣ በቴነሲና በቴክሳስ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ድንበሩ በወንዝ፣ በዛፍና በድንጋይ ምልክት የተጻፈ ስለሆነ በባለቤቱ ስም ነው የሚፈለገው።

አድራሻውን ይዘው ወደ ካውንቲው የመሬት መዝገብ ቤት ይሂዱና የከተማዋን የመጀመሪያ ፕላን ይጠይቁ። ሰነዱ ላይ ቸኩለው አይለፉ። የባለቤቱ ፊርማና የቀያሹ ማረጋገጫ አለ፤ መንገዶቹ ለሕዝብ መሰጠታቸውን የሚገልጽ አንቀጽም አለ። የተፈረመበትና የተመዘገበበት ቀን ይለያያልና ሁለቱንም ይመዝግቡ። የመንገዱ ስፋት 66 ጫማ ከሆነ አይገረሙ፤ ቀያሾች መሬት የሚለኩበት ሰንሰለት ርዝመት ነው። የዋናው መንገድ የሱቅ ቦታዎች ብዙ ጊዜ 25 ጫማ ስፋት አላቸው። ከዚያ የመንገዶቹን አቅጣጫ ይመልከቱ። ከሐዲዱ ጋር ትይዩ ከሆኑ፣ ከተማዋ በባቡሩ ምክንያት የመጣች የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ቀጥ ብለው ሐዲዱ አግድም የሚቆርጣቸው ከሆነ ደግሞ ከባቡሩ ቀድማ ሊሆን ይችላል።

የመሬቱን የመጀመሪያ ባለቤት የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ፕላኑን የፈረመው ገበሬ ሳይሆን የባቡር ወይም የከተማ ቦታ ሻጭ ድርጅት ከሆነ ስሙ ቢሮ ውስጥ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የመስመሩን ጎረቤት ጣቢያዎች በተራ ያንብቡ። ነብራስካ ውስጥ ከሊንከን ወደ ምዕራብ የሄደው የበርሊንግተን የባቡር መስመር ክሪት፣ ዶርቸስተር፣ ኤክሰተር፣ ፌርሞንት፣ ግራፍተን፣ ሃርቫርድ፣ ኢንላንድ፣ ጁንያታ፣ ኬነሶ፣ ሎዌል ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተደረደሩ ናቸው። ስለ አንዷ ብቻ የሚነገር ጣፋጭ ታሪክ ከዚህ ዝርዝር ጋር ተመዛዝኖ መቆም አለበት።

ፖስታ ቤቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚክስ ምንጭ ነው ብንል አናጋንንም። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ከ1832 እስከ 1971 ያለውን የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ሹመት፣ ከ1837 እስከ 1950 ያለውን ደግሞ የፖስታ ቤቶች መገኛ ሪፖርት ይዟል። ሪፖርቱ ላይ አመልካቹ የታሰበውን ስም፣ ቅርቡን ወንዝና ሐዲድ፣ እስከ ጎረቤት ፖስታ ቤት ያለውን ርቀት ይሞላል፤ አንዳንዱ በእጁ የሣለው ካርታ አለበት። የተሰረዘ ስምና ከላዩ የተጻፈ ሌላ ስም ካዩ ትልቅ ማስረጃ አገኙ ማለት ነው። በአንድ ስቴት ውስጥ ሁለት ፖስታ ቤት አንድ ስም ስለማይሰጠው ብዙ ነዋሪ ሁለተኛ ምርጫውን ለመያዝ ተገዷል። በ1894 የፖስታ መሥሪያ ቤቱ አጫጭር ወይም ባለ አንድ ቃል ስሞችን ብቻ እንዲቀበል መመሪያ ወጣ። በ1890 የተቋቋመው የቦታ ስሞች ቦርድም አጻጻፍ ይለውጥ ነበር፤ ፒትስበርግ (Pittsburgh) በእንግሊዝኛ የመጨረሻዋን ፊደሏን h በ1891 ተነጥቃ በ1911 አስመልሳለች። ስለዚህ በአጻጻፍ የተለያዩ ስሞችን ሁለት ከተማ አድርገው አይቁጠሩ።

ፍለጋው ባዶ ሲወጣ መጀመሪያ የካውንቲውን ዕድሜ ይጠይቁ። ካውንቲው ከከተማዋ በኋላ ከሌላ ተቆርሶ ከሆነ የቀድሞው ሰነድ በእናት ካውንቲው ሊቀር ይችላል። የ1890 ቆጠራ አብዛኛው በ1921 ከደረሰበት ቃጠሎ በኋላ ጠፍቷል፤ በ1880 እና በ1900 መካከል ያለውን ክፍተት ለነብራስካና ለኮሎራዶ የ1885ቱ ቆጠራ ይሸፍናል። ፕላን መኖሩም ከተማ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ቦታ ለመሸጥ ብቻ ተሥለው ቤት ያልተሠራባቸው ብዙ ናቸው።

ባቡርም ከተማን ያዛውራል። ከኬንታኪ የመጡ ጥቁር ሰፋሪዎች በ1877 ያቋቋሟት የካንሳሷ ኒኮዲመስ በ1888 ሐዲዱ በሌላ በኩል ሲያልፍ፣ ነጋዴዎቿ ወደ ጎረቤቷ ቦግ ሄዱ። እንዲህ ባለ ቦታ የሁለቱንም ከተሞች መዝገብ አብሮ ማየት ግድ ነው።

በመጨረሻ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ያስቀመጣቸውን ጋዜጦች፣ ፕላኑ በተመዘገበበት ሰሞን የወጡትን ይመልከቱ። የቦታ ሽያጭ ማስታወቂያ ከነሻጩ ስም በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ መጻሕፍትን ለፍንጭ ብቻ ይጠቀሙ፤ ሁለት ታሪክ ከተጋጨ ለድርጊቱ የቀረበውን ያስቀድሙና ሌላውን መጀመሪያ ከታተመበት ዓመት ጋር አያይዘው ይጻፉ።